ቢጫ ምልክት ለሙት መንፈስ

እኔ የምለው፣ ቤታችሁ ውስጥ የሙት መንፈስ ቢገባ ወለል ሲረጥብ የሚቆመውን ቢጫ ምልክት የምታቆሙት የት ላይ ነው? በሩ ላይ ነው? ደረጃው ሥር ነው? አትሳቁ፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው የምጠይቀው።

አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የጽዳት ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስላችሁ ቢሮ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ከሌሎቹ የምለየው የመጋዘኑን ቁልፍ በመያዜ ብቻ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሁላችንንም ሰብስበው ስለ አደጋ ያሠለጥኑናል። ሀዛርድ ይሉታል። እርጥብ ወለል ሀዛርድ ነው። የወደቀ መርፌ ሀዛርድ ነው። በረኪናን ከሌላ ኬሚካል ጋር መቀላቀል ሀዛርድ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሠለጠንኩ አስቡት። አንድም ቀን ግን የሙት መንፈስ ሲጠቀስ አልሰማሁም። ሰው እንደሆነ እዚያ ቤት በየሳምንቱ ይሞታል።

የሰማሁት ከልጄ ከማህሌት ነው። ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እዚሁ ዴንቨር ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ አንድም ሳያመልጣት ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ጓደኞቿ ይመጣሉ፣ አንዷ ከፓርክ ሂል፣ አንዷ ከስቴፕልተን። የምግብ ጠረጴዛችንን ከበው ጨዋታ ይጫወታሉ። ጨዋታው ሰሌዳ የለው፣ ካርታ የለው። ማህሌት ተረት ታወራለች፣ ሌሎቹ ተረቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ይሆናሉ። አንዷ ጎራዴ ያዥ ነኝ ትላለች፣ አንዷ መድኃኒተኛ። በሩን ልክፈተው ብላ ዳይስ የሚሉትን ባለ ቁጥር ጠጠር ትጥላለች። ዳይሱ ሃያ ፊት አለው። ትልቅ ቁጥር ከወጣ በሩ ይከፈታል፣ ትንሽ ከወጣ ጣቷ በሩ ላይ ይቀራል። በዚህ ዓይነት አምስት ሰዓት ይቀመጣሉ።

መጀመሪያ ደንግጠን ነበር። የመጽሐፉ ሽፋን ላይ ቀንዳም ፍጡር አለ። እኔ ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ ልጄ ከመናፍስት ጋር ሳትቀመጥ አልቀረችም አልኳቸው። አባ የቤት ሥራዋን ትሠራለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ትሠራለች አልኩ። እንግዲያው ተዋት አሉኝ። ባለቤቴ ሙሉ በዚህ አልረካችም። ዳይሱ ላይ ጸበል ረጨችበት። የዚያን ቅዳሜ የማህሌት ዳይስ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሲያወጣ ዋለ። በሳምንቱ የፓርክ ሂሏ ልጅ የራሷን ዳይሶች በላስቲክ ቋጥራ አምጥታ የኔንም ይርጩልኝ አለች።

አንድ ቀን ማንም በሌለበት መጽሐፉን ገለጥኩት። ሀዛርድ የሚል ምዕራፍ አገኘሁ! በሙያዬ መጡብኝ። ጉድጓድ አለ። የሚደረመስ ጣሪያ አለ። መርዛም እንጉዳይ አለ። ከዚያ በኋላ የሙት መንፈስ ተመዝግቧል። ከእንጉዳዩ ቀጥሎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ እንዴት እንደሚከሽፍ ተጽፎ። እርጥብ ወለልስ የለም ብዬ ፈለግኩ፣ እሱም አለ።

መቼም ለሰሚው ግራ ነው። እኛ ያደግንበት የሙት መንፈስ ሰው እንጂ የወለል ችግር አልነበረም። እኔን ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ዘነበች ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ አራት ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ አምስት። ከፍቼ ወጣ ያለ ሰፈር ነው ያደግነው። አመሻሽ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ስናልፍ ወደ መቃብሮቹ ዞር ብላ እንደምን አመሻችሁ ትላለች። ለምን ስላት ጎረቤቶቻችን አይደሉም እንዴ ትለኛለች። እትዬ ከዚያ ሰፈር ወጥታ አታውቅም። ሐሙስ ገበያ ስትወጣ ኔትወርክ ስለምታገኝ ሚስኮል ታደርግልኝ ነበር። እኔ ጠዋት ስነቃ አይቼ እደውልላታለሁ።

በነገራችን ላይ ከሙሉ ጋር አንድ ጊዜ መንፈስ ቤታችን ገብቶብን ያውቃል። ያኔ እንደመጣን ካፒቶል ሂል ነበር የተከራየነው፣ ኮልፋክስ መንገድ ላይ፣ አሮጌ ሕንፃ። የመጀመሪያው ብርድ የገባ ዕለት ከግድግዳው ሥር አንድ ነገር በመዶሻ መደብደብ ጀመረ። ሙሉ እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ተገድሏል፣ መንፈሱ ነው አለች። ሦስት ቀን ዳዊት ደገምን። በአራተኛው ቀን የሕንፃው ጠጋኝ መጥቶ የማሞቂያውን ቧንቧ በመፍቻ ጠመዘዘና አየሩን አስወጣው። ዝም አለ። ሙሉ እስከ ዛሬ ዳዊቱ ነው ዝም ያሰኘው ትላለች።

የልጆቹ መንፈስ ግን በመፍቻ አይሆንም። ደንቡን ማህሌት አስረድታኛለች። ጭራቅ ማለት እናንተ ላይ የሚመጣ ነው። ይህኛው ግን ባለበት ይቀመጣል፣ የምትሄዱበት እናንተ ናችሁ። ክፍሉ ውስጥ ድሮ አንድ ክፉ ነገር ሆኗል። በሩን ስትከፍቱ ያው ነገር እንደገና ይሆናል። በጎራዴ ብትመቱት አየር ነው የምትመቱት። ጸሎት ቢያደርሱበት ለአንድ ቀን ጸጥ ይላል፣ በማግስቱ ግን እንደ አዲስ ይመለሳል። ለዘለዓለም የሚሄደው ሳይፈጸም የቀረውን ነገር የፈጸመለት ሰው ሲገኝ ብቻ ነው።

ይህ በማግስቱ የሚመለስ የሚሉት ነገር አንጀቴን በላው። መጦሪያው ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበሩ። በየማለዳው ባሌ የት አለ ይላሉ። ባላቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ነርሶቹ እውነቱን ይነግሯቸዋል። አሮጊቷ ያለቅሳሉ፣ እንደ አዲስ። ከሰዓት ይረሱታል። በማግስቱ ጠዋት ባሌ የት አለ? አንዲት ሴት አንድን ባል ስንት ጊዜ ትቅበረው? በመጨረሻ አንዷ ነርስ አላስቻላትም፣ መኪና ፓርክ እያደረጉ ነው አለቻቸው። አሮጊቷ ሳቁ። እሱ እንደሆነ ፓርክ ማድረግ አይችልበትም፣ ገና ይቆያል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጊቷ እስኪሞቱ ድረስ ሰውየው ፓርክ ሲያደርጉ ኖሩ። ክፍላቸውን ያጸዳሁትና ስማቸውን ከበሩ ላይ የነቀልኩት እኔ ነኝ።

እውነት መንገር ሁልጊዜ ጽድቅ አይደለም የሚል እምነት ያደረብኝ ያኔ ነው። ጉድ የሠራኝም ይኸው እምነት ነው።

ሙሉ የሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን አድርጋ ቤት በገባች በሦስተኛው ቀን ከደብረ ብርሃን ስልክ ተደወለልኝ። ታላቅ ወንድሟ ጌታሁን አርፏል። ወንድም ጋሼ እያለች ነው የምትጠራው፤ ያስተማራትም የዳራትም እሱ ነው። ሆዷ ላይ አራት ቦታ ስፌት አለ። ስታስል ትራስ ታቅፋ ነው። ለዚህች ሴት ምን ብዬ ልንገራት?

ደግሞ መርዶ እንደ ፒዛ በስልክ ተደውሎ ቤት አይደርስም። ሥርዓት አለው። ሰው ይሰበሰባል፣ ማለዳ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይቀድማል። እኔም የእድራችንን ሊቀመንበር ጋሽ ተሰማን አማከርኳቸው። ጋሽ ተሰማ እዚህ ከተማ ውስጥ ያላረዱት ሐበሻ ጥቂት ነው። ቁስሏ ይድረቅ አሉኝ፣ እስከዚያ አፍህን ያዝ።

ያዝኩ። ግን አፍ ብቻ አይደለም የሚያዘው። ፌስቡክ አለ። ዘመዶቿ የሻማ ሥዕል ይለጥፋሉ። ስለዚህ የኢንተርኔቱን ሳጥን ከሶኬቱ ነቀልኩና መሥመር እየጠገኑ ነው አልኩ። ሙሉም ኢንተርኔት ለዓይንም ጥሩ አይደለም አለች። በሳምንቱ የሥራ ፕሮግራሜን ለማየት ሳጥኑን ሰካሁት፤ ሻወር ወስጄ ስመለስ ተነቅሏል። ማህሌት ናት ብዬ አመሰገንኳት በልቤ። ለማህሌት ነግሬያት ነበራ! ስልኳ ላይ አይታ እንዳታመልጣት ብዬ፣ ሃቫና መንገድ ላይ ገበያ ስንሄድ መኪናውን ፓርክ አድርጌ ነገርኳት። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ አጎትሽ ጌታሁን ሞቷል አልኳት። ኦኬ አለች። ከመኪናው ወርዳ ወተት ገዝታ መጣች።

ስፌቱ ደረቀ። ሙሉ ግን አልዳነችም። ምግብ እምቢ አለች። ሽንኩርት ሳትከትፍ ታለቅሳለች። ምን ሆነሽ ስላት መድኃኒቱ ነው ትላለች። እኔም በዚህ አቅሟ እንዴት ትችለዋለች ብዬ ጋሽ ተሰማን አንድ ሳምንት ይቆይ አልኳቸው። ከዚያ ሌላ ሳምንት። እኔንም ውስጤን እየበላኝ ከሳሁ። ሱሪዬ አልይዝ አለኝ። ሙሉ ፊትህ ጠቁሯል ማለት አመጣች፣ የደም ግፊት መለኪያ ገዝታ ጠዋትና ማታ ክንዴን ታስረኛለች። ቁጥሩን ባየች ቁጥር ፊቷ ይብስ ይጠቁራል። እያመማት ለኔ ታስባለች ብዬ ሆዴ ይባባል። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ቁጭ ብለን አንዱ የሌላውን ፊት ይሸሻል። ቤታችን ከበደ፣ ደረጃው እንኳ ይከብዳል። እርጥብ ወለል ቢሆን ኖሮ በአሥር ደቂቃ አደርቀው ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ የፓርክ ሂሏ ልጅ ኢንፍሉዌንዛ ያዛትና ጨዋታው ሰው ጎደለው። ማህሌት እኔንም እናቷንም ተጫወቱ ብላ ለመነችን። ልጄ ለምና አታውቅም። እሺ አልን። ለኔ ጋሻና ጎራዴ ተሰጠኝ። ሙሉ ሶፋው ላይ ጋቢዋን ለብሳ መድኃኒተኛ ሆነች። የስቴፕልተኗ ልጅ ቀስተኛ ናት። ማህሌት ታወራለች፣ የስቴፕልተኗ ልጅ ስላለች በእንግሊዝኛ።

አንድ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ቤት ደረስን። ወጥ ቤቱን ስንከፍት ብርድ መጣ፣ ሳህን ተንኳኳ፣ አንዲት አሮጊት ጠረጴዛ ላይ ሳህን ስትዘረጋ ታየችን። ዳይስ ጣልኩ፣ ሦስት ወጣልኝ። ደሜ ቀዘቀዘ ተባልኩ። በጎራዴ ብመታት አየር። ቀስተኛዋ ብትወረውር አየር። ወጣን፣ አደርን፣ በማግስቱ ገባን። ብርድ መጣ፣ ሳህን ተንኳኳ። ሙሉ በዚህ መሃል የምትለው ሌላ ነው። ሴትዮዋን ሰላም ሳትሏቸው ነው እንዴ ጎራዴ የመዘዛችሁባቸው አለችን። የሷ መድኃኒተኛ በሩ ላይ ቆማ ደህና ዋሉ ብላ ነው የገባችው። ማህሌት ለዚህ ሁለት ነጥብ ሰጠቻት።

ቤቱን ስንፈትሽ ጣሪያው ሥር የተደበቀ ደብዳቤ አገኘን። የአሮጊቷ ልጅ መርከብ ላይ ሞቷል። ደብዳቤው የመጣው አሮጊቷ በሕይወት ሳሉ ነው። የቤቱ ሰዎች ትጎዳለች ብለው ደበቁት። ትንሽ ትጠንክር አሉ። እሷ በየቀኑ የልጇን ሳህን እየዘረጋች ስትጠብቅ ሞተች። ይኸው አሁንም ትዘረጋለች።

ቀና ብዬ ማህሌትን አየኋት፣ እሷ ዳይሱን ታያለች። ይቺ ልጅ በኔ ላይ ነው ተረት የፈጠረችው። በቁጣና በኀፍረት መሃል ሆኜ ሙሉን ሰረቅ አድርጌ አየኋት፣ ፊቷ ነጭ ሆኗል። ወቸ ጉድ፣ ገባት ማለት ነው አልኩ።

ማህሌት መንፈሷን የሚያሳርፋት ሰው ተቀምጦ የነገራት እንደሆነ ነው አለች። ማን ይነግራታል? የእኔ ባለ ጋሻ ወደ በሩ አፈገፈገ። ሙሉ እኔ እነግራታለሁ አለች። ጋቢዋን ሰብስባ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ባዶው ወንበር ላይ ተክላ በአማርኛ ተናገረች።

«ይቀመጡ እናቴ። ይህን ሳህን ከእንግዲህ አይዘርጉት። የሚጠብቁት ሰው አይመጣም። ቀድሜ አውቄ ዝም ስላልኩ ይቅር ይበሉኝ። የዘገየሁት ስለማልወድዎ አይደለም።»

የስቴፕልተኗ ልጅ አንድ ቃል ሳይገባት እንባዋ መጣ። ዳይስ ልትጥል ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ማህሌት ለዚህ ዳይስ አያስፈልግም አለችና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ብዙ ቆየች።

እኔ ሙሉ በተናገረችበት አኳኋን ተደነቅኩ። እንዲህ ያለ መርዶ ሽማግሌም አይችልበትም። ጠርጥራለች፣ ጥንካሬም አላት፣ ካሁን በኋላ ማቆየት ኃጢአት ነው ብዬ ለጋሽ ተሰማ ደወልኩ። የፊታችን ቅዳሜ ይሁን አልኳቸው። ጋሽ ተሰማ ሳሉ፣ ሳሉና ለቅዳሜ ይዤዋለሁ እኮ አሉኝ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ መዘንጋት ጀምረዋል ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እኔ ጥቁር ጃኬቴን ለብሼ ከተነሳሁ ቆይቻለሁ። ሙሉን ቀስ ብዬ ልቀስቅሳት ስል ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ማን ነገራት? እሷም የኔን ጃኬት ከላይ እስከ ታች አየችው። ምንም ሳንነጋገር ወርደን ከፈትን። አሥራ አንድ ሰው ቆሟል። ከፊት ጋሽ ተሰማ ናቸው።

እኔ ብትወድቅ ልይዛት ወደ ሙሉ ቀኝ ተጠጋሁ። እሷ ደግሞ ቀበቶዬን ከኋላ ጨምድዳ ያዘች። ክንዷን ያዝኩ፣ ክንዴን ያዘች። እሷ ትቀመጥ አልኩ። እሱ ይቀመጥ አለች። አይ እሷ፣ አይ እሱ። አሥራ አንዱ ሰው መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ተሰማ ከሷ ወደኔ፣ ከኔ ወደሷ አዩና ጠፋባቸው። ከደረጃው ላይ ማህሌት ሁለታችሁም ተቀመጡ አለች። ተቀመጥን።

«ሙሉ ልጄ፣ ወንድምሽ ጌታሁን አርፏል። ንጉሤ ልጄ፣ እህትህ ዘነበች አርፋለች» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ያ ሳምንት እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጌታሁን በሞተ በአምስተኛው ቀን ፍቼ ያለው የአጎታችን ልጅ ወደ ሙሉ ደውሏል። እትዬ ሌሊት በተኛችበት አረፈች። ሙሉም እንደኔው ጋሽ ተሰማን አማከረች። ሰውየው የሁለታችንንም ምሥጢር ይዘው፣ ለሁለታችንም ቃል ገብተው፣ ማንን ለማን ያጋልጡ? እኔ የሷን ሐዘን ስደብቅ ከሳሁ፤ እሷ ክሳቴን አይታ ይህ ሰው መርዶ አይችልም አለች። እሷ የኔን ስትደብቅ አለቀሰች፤ እኔ እንባዋን አይቼ ይቺ ሴት አቅም የላትም አልኩ። የኢንተርኔቱን ሳጥን የነቀለችው እሷ ናት። የጨዋታውን አሮጊት ስታረዳም ለኔ መርዶ መለማመዷ ነበር።

አራት ሐሙስ አልፏል። አራቱንም ሐሙስ ስልኬ ላይ ሚስኮል አልነበረም። የሚስቴን ስልክ ከመርዶ ስጠብቅ የራሴ ዝም ማለቱን አላየሁም።

ሦስት ቀን በአንድ ፍራሽ ላይ ተቀመጥን። ለቅሶ የመጣው ሰው ተቸገረ። ማንን ቀድሞ ያጽናና? ለሷ የመጣው እኔን አቅፎ ያለቅሳል፣ ለኔ የመጣው እሷን። ዘግይተው የደረሱ አንዲት እናት ነገሩ አልገባቸውም፤ ጌታሁንና ዘነበች ባልና ሚስት ናቸው ብለው፣ በአንድ መኪና አብረው አልቀዋል ብለው፣ ተነጣጥላችሁ አልሄዳችሁም እያሉ አለቀሱ። እትዬ ጌታሁንን በሠርጋችን ፎቶ ላይ ከማየቷ በቀር ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። አላረምናቸውም። ሙሉ በእንባዋ መሃል ጆሮዬ ላይ ወንድም ጋሼ በስተርጅና አገባ አለችኝ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሰው ሲበተን ጠረጴዛው ላይ ማህሌትን አገኘኋት። ያን የባሕር ዳር ቤት ሆን ብለሽ ነው የሠራሽው አይደል አልኳት። አዎ አለች። ለእናትሽ እንድነግራት ነው አልኳት። ለሁለታችሁም አለች። ሁለቱንም ታውቅ ነበር። ሙሉም በበኩሏ ሶፋው ላይ ሆና ለአባትሽ እንዳትነግሪ፣ አክስትሽ ዘነበች ሞተች ብላታለች። ልጄ ሁለቱን ተሸክማ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ስትመለስ፣ እራት ላይ በመካከላችን ስትቀመጥ ከረመች። ታዲያ ለምን አልተናገርሽም አልኳት። በማታወራው አማርኛ መለሰችልኝ።

«ለኔ ማን መጣ፣ አባ? አጎቴ መሞቱን የሰማሁት ‹እንዳትነግሪ› ከሚለው በኋላ ነው።»

በአሥራ ሁለት ዓመቷ አንድ ክረምት አገር ቤት ልከናት ነበር። ጌታሁን በቆርኪ ዳማ አስተምሯት ሲያሸንፋት ነው የከረመው። አንድም ቀን አልለቀቀላትም፣ ልጅ ናት ብዬ ብለቅላት ንቀት ይሆንብኛል ይል ነበር። እትዬ ጸጉሯን ሠርታ መቃብሮቹን እንደምን አመሻችሁ ማለት አስተምራታለች። ለዚህች ልጅ መርዶዋን መኪና ውስጥ ወረወርኩላትና ወተት ግዢ ብዬ ላክኋት። የቤቱ አደጋ ሁሉ ሙሉ ላይ ነው ብዬ ዙሪያዋን ስጠብቅ፣ ልጄ እርጥቡ ላይ ቆማ ነበር።

ለሙሉ ነገርኳት። ጋሽ ተሰማ ዘንድ አብረን ሄድን። የሚያውቅ ሰው መርዶ ሲረዳ አይቼ አላውቅም አሉ። ከዚያ አሰቡበትና ስንት ሰው ይበቃል ብለው ጠየቁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስድስት ሆነን ደረጃውን ወጣን። ጋሽ ተሰማ በየእርከኑ እያረፉ ነው የወጡት። የማህሌትን በር አንኳኳን። በፒጃማ ከፈተችና ጥቁር የለበስነውን ስታይ ክው አለች። ማን ሞተ አለች። ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ማህሌት ልጄ፣ አጎትሽ ጌታሁን አርፏል። አክስትሽ ዘነበችም አርፋለች። ከእናት ከአባትሽ ቀድመሽ ሁለቱንም ያወቅሽው አንቺ ነሽ፣ ከሁሉ ዘግይተን የመጣነው ግን ወደ አንቺ ነው።»

አውቃለሁ ልትል አፏን ከፈተችና ወደ ጋሽ ተሰማ እጅ ተደፋች። እኔ በቀኝ፣ ሙሉ በግራ ነበርን፤ በዚህ ጊዜ የምንይዘው ሰው መሃላችን ነበር። አምስት ሳምንት ያጠራቀመችውን አለቀሰችው።

የኛ ሰው ዝም አይነቅዝም ይላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ጽዳት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ግን አይደለም። እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ተዘግቶ ቆይቶ ያልነቀዘ ነገር እስካሁን አላጋጠመኝም።